የአባቴ ተረከዝ

አጎበሩን ከላስቲኩ አውጥቼ ሳራግፈው ያ የአዲስ ናይለን ሽታ ክፍሉን ሞላው። ለልጄ አልጋ ጌጥ እንዲሆን የገዛሁት ነው። በሰው አገር ባለሁበት በዚህ የሰሜን ከተማ ወባ የሚባል ነገር የለም፤ ልጄ ግን አንዲት ጓደኛዋ ቤት አይታ፣ "እኔም እንደ ሙሽራ ልተኛ" እያለች ስትነዘንዘኝ ከረመች። ወንበር ላይ ቆሜ ከጣሪያው ሰቀልኩትና ጫፉን ዙሪያውን ከፍራሹ ሥር ሸጎጥኩት። እኔ ረስቼው ኖሯል እንጂ እጄስ አልረሳውም። ከወንበሩ ወርጄ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጥኩ። "እንደ ሙሽራ" ያለችው ነገር ነው መሰለኝ የያዘኝ። ይህንኑ ቃል አባቴ ሲናገረው ሰምቼ ነበርና።

እስቲ ልንገርሽ፣ እህቴ።

ያን ጊዜ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ጎንደር ከተማ ካሉት አድባራት በአንዱ ቄስ ነበር፤ የነፍስ ልጆቹ ግን ከከተማው አልፈው እስከ ወገራ ይደርሱ ነበር። ከእነሱ መካከል አንዱ ቤተሰብ ከአምባ ጊዮርጊስ ተነሥቶ፣ ወደ ሱዳን ጠረፍ በሚወስደው መንገድ ቆላ ወርዶ ነበር። መጀመሪያ የወረዱት ለሰሊጥ ነው። ኋላ ባልና ሚስት ከባልየው እናት ጋር ሆነው በሣሩ ሜዳ መካከል ሎጅ ሠሩ። ሎጅ ስልሽ ትልቅ ነገር እንዳታስቢ። ግንዱ እንደ ቤት የሰፋ አንድ የዲማ ዛፍ ነበረ፤ ዙሪያውን ከሽመልና ከጭቃ የተሠሩ ክብ የሣር ጎጆዎች። ጭቃውን የመረገችው ሚስትየዋ ናት፤ ክዳኑን የከደነው ባልየው ነው፤ አሮጊቷ ደግሞ ከማድ ቤት እየጮኸች ሁሉንም ታዝ ነበር። በበጋ ወፍ ሊያዩ የመጡ ፈረንጆችና የሰሊጥ ነጋዴዎች ያድሩበታል። ክረምት ሲገባ ግን ማንም የለም፤ ሣሩ ብቻ ነው፣ እስከ ሰማይ ጥግ።

የንስሐ አባት የነፍስ ልጆቹን በዓመት አንድ ጊዜ ካልጎበኘ ቅር ይላቸዋል፤ እሱንም ቅር ይለዋል። የዚያ ዓመት ጉዞ ግን ሌላም ምክንያት ነበረው። ባለሎጇ ሴት ልጅ ወልዳ ነበር፤ የልጅቱ ሰማንያ ቀን ሰኔ ሚካኤል ላይ ዋለ። ከዚያች በፊት ሁለት ወልዳ ሁለቱም ክርስትና ሳይነሡ ሞተውባታል። ስለዚህ ያች ልጅ ክርስትና እስክትነሣ ድረስ እዚያ ቤት በሙሉ ልቡ የሚተነፍስ ሰው አልነበረም። በስም እንኳ የሚጠራት የለም። "እንግዳዋ" ነበር የሚሏት። "እንግዳዋ እንዴት አደረች?" "እንግዳዋ ጠባች ወይ?"

እናቴ አራስ ስለነበረች አባቴን ተከትዬ የወረድኩት እኔ ነኝ። አዘዞን ስናልፍ ጋቢያችንን ተከናንበን ነበር። አይከልን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ግን ጆሮዬ ድፍን አለ፤ በመኪናው መስኮት የሚገባው ነፋስ እንደ እሳት እፍታ ሞቀ። ማታ ላይ ስንደርስ የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ነበርና የደረቀው ሣር ከነአቧራው ረጥቦ ሌላ ዓይነት ሽታ ይሸት ነበር። እስከ ዛሬ ምን እንደምለው አላውቅም።

ባልየው ተቀብሎን ገና መስቀል ሳይሳለም ቀልድ ጀመረ። "አባቴ፣ ደገኛ ቆላ ሲወርድ መጀመሪያ ጋቢውን ይጥላል፣ ቀጥሎ ወጉን። አንቱ ገና ጋቢዎን አልጣሉም።"

"የእኔ ወግ ከጋቢዬ ጋር የተሰፋ ነው፤ ወይ ሁለቱንም ወይ ምንም" አለ አባቴ።

ባለሎጇ ውሃ በገበቴ ይዛ መጥታ እግራችንን አጠበች፤ የአባቴን እግር አጥባ ስትጨርስ አጎንብሳ ሳመችው። ከማተቧ ጋር አንድ ወረንጦ ታስሮ ነበር። እሾህ በሚበዛበት አገር ሴት ያለ ወረንጦ አትሄድም። ከመኪናው ወርጄ ጥቂት እንደተራመድኩ ጣቴን እሾህ ወግቶኝ ኖሮ፣ እያጫወተችኝ ነቀለችው። አልተሰማኝም። ጠብታ ደም እንኳ አልወጣኝም። "ይቺ የኔ እጅ እኮ ደም አታውቅም" ብላ ሳቀች። ይህን ነገር ያዢልኝ።

መኝታችንን ስታሳየን አልጋው ላይ አዲስ አጎበር ተሰቅሏል። አባቴ ዙሪያውን አየውና፣ "እኔ ሙሽራ ነኝ እንዴ?" አለ። እሷን ላለማሳዘን ገባበት። ግን አባቴ ሌሊት ለጸሎት የሚነሣ ሰው ነበር፤ ጎጆው ሲሞቀው በሩን ከፍቶ ደጃፉ ላይ ይቆማል። አጎበር የተኛን ሰው እንጂ የቆመን ሰው አይሸፍንም። ደገኛ ቆላ ወርዶ እንደ ደጋው አገር ሲጸልይ ማንም ሊከለክለው አልቻለም። ባለሎጇ አንድ ቀን ብትነግረው፣ "ትንኝ ፈርቼ ጸሎት ላስታጉል?" ብሎ ዝም አሰኛት።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ፣ በሚካኤል ዋዜማ፣ ሁላችን ላባችንን እየጠረግን ራት ስንበላ አባቴ ጋቢ አምጪልኝ አለኝ። ባለሎጇ እጇ ወጡ ላይ ቀረ።

ጠዋት የነቃሁት በአልጋው ድምፅ ነው። ጠፍሩ ሲጢጥ፣ ሲጢጥ ይላል። አባቴ ጋቢውን ሁለት እጥፍ ተከናንቦ እየተንቀጠቀጠ ነበር። "ነፋስ መቶኝ ነው" አለኝ፤ ጥርሱ ግን ቃሉን ይቆራርጠው ነበር። ባለሎጇ ልትሳለም ስትገባ ግንባሯ መስቀሉን የያዘውን እጁን ነካ። ቀና ስትል ፊቷ ተለውጧል።

"አባቴ፣ ይኼ ንዳድ ነው፤ ወባ።"

"ይተወኛል።"

"አይተዎትም። ክኒኑ ለእንግዳ የምናስቀምጠው አለ፤ አሁኑኑ ይዋጡ።"

"ከቅዳሴ በኋላ።"

"ጾም ነው እኮ! ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነው የሚገባው። እስከዚያ በዚህ ሙቀት ያለ ውሃ..."

"እስከዚያ እግዚአብሔር አለ" አለ አባቴ።

"ዓምና አንድ ሸጋ ጎበዝ፣ የሰሊጥ አራሚ፣ ጠዋት 'ትንሽ ልቻለው' ብሎ እዚያች ጎጆ ተኛ። ማታ በቃሬዛ ነው ያወጣነው።"

አማቷ ከበሩ ቆማ ስትሰማ ኖሯል። "ምነው አንቺ! በበዓል ቀን አፍሽን በመልካም ክፈቺ እንጂ! ሚካኤል ደጁ ድረስ የመጣን ሰው አይጥልም።" አሮጊቷ ክፉ ሰው አልነበረችም። ሁለት የልጅ ልጅ ቀብራለች፤ ሦስተኛዋን ለመቅበር አቅም አልነበራትም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከሎጁ ትንሽ ራቅ ብሎ ሰፋሪዎቹ የሠሯት የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ አገልጋይ ግን አልነበራትም። ባልየው ከከተማ አንድ ቄስና ሦስት ዲያቆናት ሊያመጣ በማለዳ በፒካፑ ሄዷል። ቅዳሴ ደግሞ ከአምስት ባነሰ አገልጋይ አይቀደስም። አባቴ አምስተኛው ነበር። እሱ ውሃ ከቀመሰ ቅዳሴ የለም፤ ቅዳሴ ከሌለ ለልጅቱ የሚሰጣት ቁርባን የለም፤ ቁርባን ከሌለ ክርስትናዋ አይፈጸምም። ይህን ሁሉ አባቴ ለእኔ ማስረዳት አላስፈለገውም። የቄስ ልጅ ነኝ።

ባለሎጇ ክኒኑንና አንድ ኩባያ ውሃ ከአልጋው አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀምጣ ወጣች። እኔ እየጠበቅሁት ተቀመጥኩ። ብርዱ ለቀቀውና ትኩሳቱ መጣ። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጠቀ፤ ዝንብ ያርፍበታል፣ እኔ እሽ እላለሁ። በበሩ ክፍተት የሚገባው ብርሃን ከአልጋው እግር ወደ መሬቱ መካከል እየቀረበ መጣ። ውጭ ሰው መምጣት ጀምሯል፤ ከየሰሊጡ እርሻ ነጠላ የለበሱ ሰዎች በሣሩ ውስጥ ነጭ ነጭ ሆነው ይታያሉ፤ ሴቶቹ እልል ሲሉ ይሰማል። አባቴ ኩባያውን አንድ ጊዜም አላየውም። እኔ ግን ሌላ ነገር አላየሁም። "አባዬ፣ እባክህ" አልኩት። ዞሮ አየኝና በደስታ ፈገግ ብሎ በእናቱ ስም ጠራኝ። አያቴ እኔ ሳልወለድ ነው የሞተችው።

ሮጬ ወጣሁ። ባለሎጇ ከዲማው ሥር ልጇን እያጠባች ነበር። "እታለም፣ በአያቴ ስም ጠራኝ" አልኳት።

ልጅቱን ቁልቁል አየቻት። ረጅም ጊዜ አየቻት። ጡቷን ከአፏ አውጥታ፣ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ ተነሥታ ለአማቷ ሰጠቻት። ከዚያ ገበቴውን አነሣች። "ማሰሮውን ያዥልኝ" አለችኝ።

ስንገባ አባቴ አእምሮው ተመልሶለት እንደምንም ተነሥቶ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጧል፤ ልብሱን ሊለብስ እጁን ይዘረጋል።

"እግርዎን ሳላጥብማ ወደ መቅደስ አይገቡም" አለችው።

ተንበርክካ ቀኙን አጠበች፤ ቀጥሎ ግራውን። እኔ ከማሰሮው አፈስሳለሁ። ተረከዙን በመዳፏ ይዛ ቆየችና፣ "እዚች ጋ እሾህ አለች" አለች።

"እሾህ?" አለ አባቴ።

"አዎ። እንዲህ ሆነው እንዴት ሊቆሙ ነው? አሁን አወጣታለሁ።"

አባቴ እግሩን ከእጇ ሳብ አድርጎ ወደ አልጋው ሥር መለሰው። ከውጭ ልጅቱ አለቀሰች፤ ድምፅዋ ቀጭን ነበር፣ እንደ ጫጩት። አባቴ ወደ በሩ አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። ፊቴ ላይ ምን እንዳነበበ አላውቅም፤ ላለማልቀስ ከንፈሬን ነክሼ ነበር። እግሩን መልሶ ከጉልበቷ ላይ አኖረው።

ከእኔ የበለጠ ቅርብ ማንም አልነበረም። ተረከዙ ታጥቦ ነጥቷል። እሾህ የለበትም። ወረንጦውን ከአንገቷ አወረደች፤ ያች እኔ ሳይሰማኝ እሾህ የነቀለችልኝ እጅ ጠነከረችና ወጋች። መጀመሪያ አንድ ፍሬ ደም ብቅ አለ። ቀጥሎ ወርዶ ገበቴው ውስጥ ገባ፤ ውሃው ቀላ።

"ወይኔ አባቴ" አለች፤ "እጄ ሳተ።"

ደም የፈሰሰው ቄስ በዚያን ዕለት መቅደስ አይገባም። እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ፤ ከበሩ ልጅቱን ታቅፋ የቆመችው አሮጊትም ታውቃለች። "ምነው! ምነው፣ ምን ሆንሽ!" ብላ ጭኗን መታች፤ "የገዛ ልጅሽን! ሦስተኛዋን!"

ባለሎጇ ከተንበረከከችበት አልተነሣችም።

አባቴ ገበቴውን ብዙ አየው። "አትቆጫት" አለ አሮጊቷን፤ "የእጅ ነገር ነው።" ቀጥሎ ወደ እኔ ዞሮ፣ ድካም ባለበት ድምፅ፣ "በይ እንግዲህ፣ ውሃውን አቀብይኝ" አለ።

ክኒኑን ሲውጥ ፒካፑ ከነአገልጋዮቹ ደረሰ። ባልየው ሳቅ ይዞ ገብቶ ገበቴውን ሲያይ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። እንግዳው ቄስ ነገሩን ሰሙና ወጥተው ለሕዝቡ ነገሩ፤ ጸሎት ተደርሶ ሁሉም ወደየመጣበት ተበተነ። ነጫጮቹ ነጠላዎች በሣሩ ውስጥ አንድ በአንድ ጠፉ። አባቴን በዚያው መኪና ከተማ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ደሙን የመረመረው ሰው፣ "መድኃኒት መቼ ጀመሩ?" ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። "ማን ነው ያስጀመራቸው?" አለ።

አባቴ ተሽሎት ወደ ሎጁ ስንመለስ የቤቱን ዝምታ ብታዪው! አማትየዋ ምራቷን አታነጋግርም። ባልየው ቀልድ ትቷል። ለክርስትናው ሌላ ቀን የተቆረጠው ሰኔ ማርያም ነበር፤ እስከዚያ ባለሎጇ ልጇን ከክንዷ አላወረደችም። ስትጋግርም፣ ስትጸልይም፣ እንደታቀፈቻት ነው። በመካከሉ አንድ ቀን ልጅቱ ጡት እምቢ አለች፤ ገላዋም ተኮሰ። ያን ቀን እናትየዋ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ፣ ጣቷን ከልጅቱ አፍንጫ ሥር አድርጋ ትንፋሿን ስትጠብቅ ዋለች። አባቴ ከጎጆው ውጭ በጉልበቱ ወድቆ ዋለ። ሲመሽ ልጅቱ ጠባች። አሮጊቷ የምራቷን ሰሐን ራሷ ይዛ መጥታ አጠገቧ አስቀመጠችላት።

በማርያም ዕለት አባቴ ከስቶ፣ መቋሚያውን ተመርኩዞ፣ ልጅቱን ውሃው ውስጥ ነክሮ ሲያወጣት እንዲያ ያለ ጩኸት ጮኸች፣ ከሣሩ ውስጥ ጅግራዎች ግር ብለው ተነሡ። አሮጊቷ እያለቀሰች ሳቀች። "ጉድ እኮ ነው! ድምጿን ደብቃ ነው የከረመች!" ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቱ ስም አላት።

ልንሄድ መኪናው ሊነሣ ሲል ባለሎጇ መጥታ ከአባቴ እግር ሥር ተንበረከከች።

"አባቴ፣ ይፍቱኝ።"

"ስለ ምን ልጄ?"

"ስለ እሾሁ።"

አባቴ መስቀሉን ራሷ ላይ አኖረ። "የምን እሾህ?" አላት። ፍትሐቱን አድርሶ አሳልሟት መኪና ውስጥ ገባ። ዳገቱን ስንወጣ ጋቢውን እንደገና ተከናነበ። ስለዚያ ነገር ዕድሜውን ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

አባቴ ካረፈ ሁለት ክረምት አለፈ። እኔ እዚህ ነበርኩ፤ የሰማሁት ሥራ ቦታ፣ የአረጋውያን እግር ሳጥብ ነው። መሄድ አልቻልኩም። ለቤተ ክርስቲያን በተከራየነው አዳራሽ ውስጥ ከማኅበረ ምእመናኑ ጋር ጸለይኩለት፤ በቃ፣ ያ ነው።

አጎበሩን ሰቅዬ ከተቀመጥኩበት ሳልነሣ ለባለሎጇ ደወልኩላት። አሁን ጎንደር ከተማ ነው የምትኖረው። ሎጁን ትተውታል፤ ሣሩ ጎጆዎቹን ውጧቸዋል አለችኝ። አማቷም አርፋለች። እንግዳዋ፣ አሁንም እንዲያ ትላታለች፣ ቁመቷ ከእናቷ በልጧል። ሰላምታው ሲያልቅ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ያን ቀን ማሰሮውን የያዝሽ አንቺ ነሽ" አለችኝ። "አይተሻል።"

"አይቻለሁ፣ እታለም።"

"እሳቸውስ? አውቀው ነበር? ይኼን ሁሉ ዘመን የንስሐ አባቴን አታለልኩ እያልኩ ነው የምሰግድ። አርባቸውን ላወጣ ስሄድ እንኳ ፊቴን ሸፍኜ ነው የቆምኩ።"

"እግሩን መጀመሪያ ስቦብሽ ነበር፤ ትዝ ይልሻል?"

"ይለኛል።"

"መልሶ የሰጠሽ እኮ ራሱ ነው።"

አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ። "በይ ደህና እደሪ ልጄ" አለችኝ፤ እኔ ጋ ገና ቀን ነበር።

ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ወርውራ እየሮጠች አጎበሯ ውስጥ ገባች። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። አንድ እግሯ ወደ ውጭ ወጥቶ ነበር። ተረከዟን በመዳፌ ይዤ ጥቂት ቆየሁና ወደ ውስጥ መለስኩላት።